ጃኬቱ በቦታው ነው፦ የወይዘሮ ሙሉወርቅ ዱባለ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ዱባለ ከአባታቸው ከአቶ ዱባለ ሄራሞ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበወርቅ አበጋዝ፣ በቀድሞው የከምባታና ሐዲያ አውራጃ፣ ከዱራሜ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር መስከረም 12 ቀን 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ሲሆኑ ታላቃቸው ኤርጫፎ ዱባለ፣ ታናሻቸው ደግሞ እናቴ ወይዘሮ ኤቢሴ ዱባለ ናቸው።

አባታቸው በቅቤ ንግድ ወደ አዲስ አበባ ይመላለሱ ስለነበር በ1958 ዓ.ም. ቤተሰቡን ጠቅልለው ኮልፌ አስገቡ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ እዚያው ኮልፌ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የስፌት ሙያ ሠልጥነው በ1968 ዓ.ም. በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሃያ ስምንት ዓመት አገልግለው፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ በ1996 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ከዚያ ሁሉ ዘመን አገልግሎት ይዘው የወጡት አንድ ትልቅ የጨርቅ መቀስ ነበር። ሰው ሰርቃ ነው እንዳይል ሲረከቡት የፈረሙበትን ወረቀት ከመቀሱ ጋር በላስቲክ ጠቅልለው እስከ መጨረሻው አስቀምጠውታል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት የእኅታቸው ልጅ ሚሚ ነኝ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያደግሁት እሳቸው ቤት ነው፤ እትዬ ሙሉ እያልኩ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ እትዬ ሙሉ ብላቸው ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ወይዘሮ ስላቸው የሌላ ሰው ታሪክ የማነብ ይመስለኛል።

እትዬ ሙሉ ፈሪ ነበሩ። አስከሬናቸው ፊት ይህን ማለት ነውር የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ራሳቸውም «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። የግቢያቸው በር ሦስት መቀርቀሪያ አለው። ታክሲ ውስጥ በር አጠገብ አይቀመጡም። ሰማይ ሲያጉረመርም የስፌት መኪናውን በጋቢ ይሸፍኑታል፤ መብረቅ ብረት ይወዳል ብለው። እኔም ፍርሃቱን ከእሳቸው ሳልወርስ አልቀረሁም። አሁንም ወደ ፊት የማነበውን ነገር ፈርቼ ነው የቆምኩት።

ፍርሃታቸው የጀመረበት ቀን ይታወቃል። ታላቅ ወንድማቸው ኤርጫፎ በምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምተው ነበር። ጥር 1970 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የዕድሩ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። መርዶ እንዲህ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን፣ ሳይነጋ ነው የሚነገረው። በሩን የከፈቱት እትዬ ሙሉ ናቸው፤ ዳቦ የሚያመጣው ሰው መስሏቸው ሳንቲም ይዘው ነበር የወጡት። በለቅሶው ድንኳን የኤርጫፎ ልብስ ሲዘረጋ ከላይ የተቀመጠው እሳቸው በመጀመሪያ ደሞዛቸው ጨርቅ ገዝተው የሰፉላቸው ሸሚዝ ነው። ከዚያ ወዲያ ሳይነጋ በር ሲንኳኳ እሳቸው አይከፍቱም። ቤታችን ውስጥ ለንጋት በር የሚከፍት ሌላ ሰው ሁልጊዜ ተመድቦ ነበር።

ጥር 1974 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለ መስቀል ነገሬ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ዳኛቸውንና ወርቅዬን ወለዱ። አቶ ኃይለ መስቀል ኮልፌ ውስጥ ጋራዥ የሚሠሩ መካኒክ ነበሩ። የሚስታቸውን ጠባይ ስለሚያውቁ በኖሩበት ዘመን ሁሉ የገዛ በራቸውን አንኳኩተው አያውቁም። ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ሙሉዬ፣ እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ያኔ ሦስቱ መቀርቀሪያ አንድ በአንድ ይከፈታል። አቶ ኃይለ መስቀል በ1999 ዓ.ም. ሲያርፉ እትዬ ሙሉ ልብሳቸውን ለማንም አልሰጡም፤ ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

በ2003 ዓ.ም. ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ አንዲት አሮጊት ጠያቂ አጥተው አልጋ ላይ ዋሉ። እትዬ ሙሉ ሊጠይቋቸው ገብተው ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ሴትየዋ የተኙበት አንሶላ ስንት ቀን እንደቆየ ነገሩኝ። በማግሥቱ ሣጥኑን ከፍተው የባላቸውን ኮት አወጡ፤ አገላብጠው አዩት፤ በዚያ በትልቁ መቀስ ቆርጠው ቦርሳ ሰፉት። የውስጥ ኪሱን የቦርሳው ኪስ፣ ገበሩንም ገበር አድርገው። እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ይዘውት ቆሙ። በዚያ ቦርሳ ገንዘብ ለአሮጊቷ አንሶላና ሳሙና ተገዛ።

ሥራው በዚህ ተጀመረ። ስድስት የቤተ ክርስቲያን እኅቶች ተጨምረው ሐሙስ ሐሙስ በእኛ ሳሎን መስፋት ያዙ። ያረጀ መጋረጃ፣ የጠበበ ሱሪ፣ ከኮልፌ ልብስ ሰፊዎች የተረፈ ቁርጥራጭ፣ ሰልባጅ ተራ ገዢ ያጣ ልብስ፣ የማይገባ ጨርቅ አልነበረም። ከሽያጩ የሚገኘው ሁሉ በአካባቢው አልጋ ላይ ለዋሉ ሕሙማን ነበር። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ሴቶች ቢያንስ ሃያዎቻችሁ ቦርሳቸውን ይዛችኋል፤ ከዚህ ሆኜ አያለሁ።

እትዬ ሙሉ ለቦርሳው ሥራ ሕግ ነበራቸው። ሰው ልብሱን ሲሰጥ ይቸኩላል፣ በኋላ ይቆጨዋል ይሉ ነበር። ስለዚህ የመጣ ልብስ ሁሉ ኪሱ ተፈትሾ፣ የሰጪው ስም በወረቀት ተጽፎ፣ በስፒል ተይዞ ሰባት ቀን ከረጢት ውስጥ ይቆያል። ባለቤቱ ካልጠየቀ ወደ ጠረጴዛው ይወጣል። ጠረጴዛ ላይ የወጣ ልብስ ይቆረጣል። ለጥገና የመጣ የሰው ልብስ ደግሞ ግድግዳው ላይ በምስማር ይንጠለጠላል እንጂ ጠረጴዛውን አይነካም። «የምስማሩ አደራ ነው» ይሉን ነበር።

አሁን የምፈራው ቦታ ላይ ደረስኩ።

ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘመነች ናቸው። አንድ ልጃቸው ብሩኬ በ2005 ዓ.ም.፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በደላላ አማካይነት በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ጀመረ። መጨረሻ የደወለው በ2006 ዓ.ም. ከአንድ ድንበር አካባቢ ነው፤ «ነገ እንሻገራለን» ብሎ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. እትዬ ዘመነች የብሩኬን የጂንስ ጃኬት ይዘው መጡ። ዚፑ ተበላሽቷል፤ ሲመጣ እንዲህ እንዳያገኘው ይሠራልኝ አሉ። ቀጠሉና፣ «ሙሉዬ፣ ከሠራሽው በኋላም አንቺው ጋ ይቆይ። እኔ ጋ ካለ እያሸተትኩት ቀኑን ሙሉ አለቅሳለሁ። ሲመጣ እሱ ራሱ ይወስደዋል። አደራ» አሏቸው። እትዬ ሙሉ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ዚፑን በዚያው ሳምንት ቀየሩት፤ ስሙን ጽፈው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት።

ታኅሣሥ 23 ቀን ቅዳሜ የገና ባዛር ነበረን። ሐሙስ ዕለት ለበዓሉ ቤቱን ቀለም ልቀባ ብዬ ተነሣሁ። ግድግዳው ባዶ እንዲሆንልኝ ምስማር ላይ ያለውን ሁሉ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ከመርኩት። ስም ያለበት ወረቀት መቼ እንደወደቀ አላየሁም። ዓርብ ቀለሙ ሲደርቅ ሌላውን መልሼ ሰቀልኩ፤ ያን ጃኬት ግን ከሌሎቹ ጂንሶች መሐል ስለነበር ሳላየው ቀረሁ። እትዬ ሙሉ ቦርሳ ጎድሎባቸው እየተጣደፉ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ያለውን ቆረጡ። በራሳቸው ሕግ ትክክል ነበሩ። የሳትኩት እኔ ነኝ። ይህን በሕይወት ሳሉ ነግሬያቸው አላውቅም፤ እስከ መጨረሻው በራሳቸው ጥፋት የሆነ መስሏቸው ኖሩ። እትዬ ሙሉ፣ ይኸው ዛሬ ተናገርኩ።

ያ ቦርሳ ባዛሩ ላይ በተከፈተ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሸጠ። የሸጥኩት እኔ ነኝ። ማታ ቤት ስንጠርግ ወረቀቷ ከአልጋ ሥር ወጣች፦ «ዘመነች፣ የብሩኬ፣ አደራ» ይላል። እትዬ ሙሉ ምስማሩን አዩ፤ ምስማሩ ባዶ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ቆረጥኩት» አሉ። «ልጁን ከነሕይወቱ ለቅሶ ተቀመጥኩበት፤ ወየው ጉዴ!» መርዶ ሳይመጣ የልጅ ልብስ እንደማይቆረጥ፣ ቢቆረጥ ሟርት እንደሆነ፣ እሳቸውም እትዬ ዘመነችም የሚያውቁት ነገር ነው። ጌታን የሚያምን ሰው በሟርት አያምንም ብዬ ልከራከራቸው ሞከርኩ። «እኔ አላምንም፤ ዘመነች ግን እናት ናት» አሉኝ።

ማን ገዛው ብለው ሌት ተቀን ጠየቁኝ። የማስታውሰው አንዲት የማላውቃት ሴት እንደነበረች፣ የተባለችውንም ዋጋ ሳትከራከር ከፍላ እንደሄደች ብቻ ነው። «ሳትከራከር?» አሉ እትዬ ሙሉ። «በይ እንግዲያው የኮልፌ ሰው አይደለችም።» እንዲያ በተጨነቁበት ሰዓት እንኳ ሳቅ አመለጠኝ፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር። ያን ቦርሳ ፍለጋ ዓመታት ዞሩ። አስኮ ሄዱ፣ ሳንሱሲ ሄዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ተገኙ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍ አጠገብ ቆመው የሴቱን ሁሉ ክንድ ያያሉ። አንድ ረዳት «እማማ፣ ይግቡ እንጂ! የማንን ቦርሳ ነው ከጠዋት ጀምሮ የሚያዩት?» ብሎ ሲጮኽ ሰልፈኛው ሁሉ ቦርሳውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ፈሪዋ አክስቴ በሌባ ተጠርጥረው አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። በሳምንቱ ግን እዚያው ቆመው አገኘኋቸው።

ከሁሉ የከፋው የእትዬ ዘመነች ጥያቄ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በራችን ላይ ቆም ይሉና፣ «ሙሉዬ፣ ጃኬቱ አለ?» ይላሉ። እትዬ ሙሉ ሳይቆዩ «በቦታው ነው» ይላሉ። እትዬ ዘመነች «ተመስገን» ብለው ያልፋሉ። እትዬ ሙሉ ግቢ ሲገቡ ነጠላቸው በላብ ርሶ ይገኛል። በዕድሜያቸው ሌላ ውሸት ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም።

በ2010 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጂንስ ከሰልባጅ ተራ ፈልገው ልክ የብሩኬን የሚመስል ጃኬት ሰፉ። ዚፑን አንድ ዓይነት፣ ቁልፉን አንድ ዓይነት አደረጉ። እትዬ ዘመነች ካውያ ረስተውበት በገበሩ ላይ የቀረችውን ቡናማ ቃጠሎ እንኳ በካውያ አቃጥለው አስመሰሏት። ያን ጃኬት ምስማሩ ላይ ሰቅለው ሲጨርሱ ግን ለማሳየት ልብ አጡ። እናት የልጇን ልብስ በጠረን ነው የምታውቀው አሉ።

አንድ ቀን እየሰፉ ሳለ የነገሩኝን አልረሳውም። ብሩኬ እንዲመጣ በየቀኑ ይጸልያሉ፤ አሜን ሊሉ ሲሉ ግን ድምፃቸው ይጠፋል። ቢመጣ «ጃኬቴስ?» ሊላቸው ነው። ካልመጣ ደግሞ በመቀሳቸው የገደሉት ይመስላቸዋል። ቢመጣም ፈሩ፣ ባይመጣም ፈሩ። በየንጋቱ ነቅተው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የሚያዳምጡት የራሳቸውን በር ብቻ አልነበረም፤ የእትዬ ዘመነችንም በር ነበር። ቦርሳ መስፋቱን ግን አንድም ሐሙስ አላቋረጡም። መቀስ ባነሡ ቁጥር ጨርቁን ሦስቴ ያገላብጣሉ፣ እኔንም «እይልኝ እስቲ፣ የማንም አይደለም?» ይሉኛል።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. በደም ግፊት ምክንያት ግራ ጎናቸው ደነዘዘና አልጋ ላይ ዋሉ። ያኔ ለሰው የሰፉት ለራሳቸው ደረሰ። የሐሙስ እኅቶች ከቦርሳው ገንዘብ አንሶላና መድኃኒት እየገዙ፣ ተራ ገብተው እያጠቧቸው፣ ዓመት ከመንፈቅ አስታመሟቸው። እትዬ ዘመነችም ሾርባ እያመጡ ይጠይቋቸው ነበር። ሲወጡም ያችን ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ እትዬ ሙሉም በተሳሰረ አንደበታቸው ይመልሳሉ።

ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት ጠርተውኝ እንዲህ አሉ፦ «ታሪኬ ሲነበብ ይሄም ይነበብ። ደግ ነበረች ብቻ ከተባለ ጎድሏል። ዘመነች ፊት መናገር አቃተኝ፤ እንግዲህ ሞቼ ልናገር።» ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሳለ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ንጋቱ አልወሰዳቸውም። እግዚአብሔር ይህችን አድርጎላቸዋል።

ልጃቸው ዳኛቸው ይህ እንዳይነበብ ለምኖኛል። «እናቴን አደራ በላች ልታስብያት ነው?» ብሎ አልቅሷል፤ አልፈርድበትም። እኔም እትዬ ዘመነች እዚህ ቆመው፣ በሰው ፊት፣ ከእኔ አፍ እንዲሰሙት ማድረግ አልቻልኩም። ስለዚህ ትናንት ለቅሶ ሲመጡ እጃቸውን ይዤ ወደ ስፌቱ ክፍል አስገባኋቸው። ቀለሙን፣ ምስማሩን፣ መቀሱን፣ ባዛሩን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እርግማናቸውን ጠበቅሁ። ተነሥተው ወጡ። አለቀልኝ አልኩ።

ጥቂት ቆይተው በነጠላቸው ሥር ነገር ይዘው ተመለሱ። ያ የጂንስ ቦርሳ ነው። ከፍተው ገበሩን አሳዩኝ፤ የካውያው ቃጠሎ አለ።

በባዛሩ ዕለት ከበሩ ገባ እንዳሉ ጠረጴዛው ላይ አይተውት ኖሯል። ቀርበው ለመግዛት ስላልደፈሩ ከሳንሱሲ የመጣችውን የባላቸውን እኅት ልከው አስገዙት። አሥር ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፤ ትራሳቸው ሥር ነበር። እኔ ተናደድኩ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ ጮኽኩባቸው፦ «እንዴት አይነግሯቸውም? ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጠው! አሥራ ስምንት ማዞሪያ ፀሐይ ላይ ቆመው ሲፈልጉ እያዩ!»

«ብነግራትማ ተቆርጧል ማለቴ ነው» አሉ እትዬ ዘመነች። «የልጅ ልብስ መቼ እንደሚቆረጥ አንቺም ታውቂያለሽ። ያን በአፌ ማለት ፈራሁ። እሷ በቦታው ነው ስትለኝ፣ ያን ቀን እህል ይወርድልኝ ነበር። ስትዋሽልኝ አውቃለሁ። እየፈራች እንደምትዋሽም አውቃለሁ። እኔስ መች ደፋር ሆንኩ፣ ልጄ?»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ይነበብ ወይስ ይቅር ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንብቢው፤ ሙሉ ያለችው ይሁን። የብሩኬን ስም ስትጽፊ ግን ነበር ብለሽ እንዳትጽፊ» አሉኝ። አልጻፍኩም።

ሊወጡ ሲሉ ምስማሩ ላይ ያለውን ጃኬት አዩት። ኮሌታውን ይዘው አሸተቱት። «የሱ አይደለም» አሉ። አውርጄ ልደብቀው እጄን ስዘረጋ ያዙኝ። «ተይው፣ እዚያው ይቆይ። ሲመጣ ብርድ ነው፤ የሚለብሰው አያጣም። አደራሽን።» ደጃፉ ላይ ደርሰው፣ ያን ቦርሳ በክንዳቸው እንዳንጠለጠሉ ዞር አሉና፣ እትዬ ሙሉን ይጠይቁበት በነበረው ድምፅ «ሚሚዬ፣ ጃኬቱ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«በቦታው ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። «ተመስገን» ብለው ሄዱ። ጀርባዬ በላብ ርሶ ነበር።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ዱባለ የሁለት ልጆች እናት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ዳኛቸውና ወርቅዬ፣ እኅታቸው ወይዘሮ ኤቢሴ፣ እኔ፣ የሐሙስ እኅቶች፣ ወይዘሮ ዘመነች፣ እንዲሁም በመንገድ ላይ ያለው ብሩኬ ከኋላቸው ቀርተናል። በሕመማቸው ወቅት ላልተለያችሁን፣ ዛሬም በሐዘናችን ለተገኛችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ዛሬ ሐሙስ ነው። የሚመጣው ሐሙስ ስፌቱ ይቀጥላል፤ ልብስ የምታመጡ ስማችሁን ጻፉበት።

አንድ ልመና አለኝ። ከእናንተ መካከል ስለ ብሩኬ ወሬ የሚሰማ ሰው ቢኖር፣ ወሬው ምንም ይሁን ምን፣ እባካችሁ ወደ ሰፈራችን በንጋት አትምጡ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ኑ። በርም አታንኳኩ። ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ «እኔ ነኝ» በሉ፤ እንከፍታለን።

እግዚአብሔር የእትዬ ሙሉን ነፍስ መቀርቀሪያ በሌለው ቤት፣ ንጋት በማያስፈራበት አገር ያሳርፍ። አሜን።